የድሮ አምፕሊፋየር ያዋጣል ወይ? ከሁለት ክረምት በኋላ የምለው

ቡና ቤቴ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቡና ማሽኑ ላይ አይደለም። ከባንኮኒው ጀርባ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ብርማ ሣጥን፣ የድሮ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ)፣ ላይ ነው። ሣጥኑ ሁለት የሚበሩ መስኮቶች አሉት። በየመስኮቱ አንዳንድ መርፌ አለ፤ ሙዚቃው ከፍ ባለ ቁጥር መርፌዎቹ ይዘላሉ። «ይሄን ከየት አገኘኸው? እኔም ልፈልግ እንዴ?» ይሉኛል። በሳምንት ሁለት ሦስት ሰው አይጠፋም። ቆሞ ማስረዳቱ ስለሰለቸኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መልሱን ላስቀድም። ቤታችሁ ከአባት ወይም ከአጎት የተረፈ የድሮ አምፕ ካለ እንዳትጥሉት፤ አሳድሱት። ከሌላችሁ ግን አሁን በሚጠራው ዋጋ ገበያ ወጥታችሁ አትግዙ። እዚህ የደረስኩት ገንዘቤን በሁለቱም በኩል ካፈሰስኩ በኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአዲስ ዕቃ ነው። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቡና ቤቱን ስከፍት ለሙዚቃ የመደብኩት 15 ሺህ ብር ነበር። 9 ሺውን ለአምፕ ሰጠሁ። ካርቶኑ ላይ «2000 ዋት» ይላል። ብሉቱዝ አለው፣ ፍላሽ ይቀበላል፣ ሁለት ማይክ ይሰካበታል፣ ፊቱ ላይ ከዘፈኑ ጋር የሚጨፍር ሰማያዊ መብራት አለው። የማን ሥሪት እንደሆነ አልናገርም። ብናገርም አይጠቅማችሁም፤ ያው ሣጥን በየስድስት ወሩ ሌላ ስም ተለጥፎበት ይመጣል።

ሰባት ወር ሠራ። አንድ ቅዳሜ ማታ መብራት ሄደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመጣ አምፖሎቹ ለአፍታ ከልክ በላይ ደመቁ። ከአምፑ ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎ ያ የምታውቁት የተቃጠለ ሽታ። ደንበኞቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ሄርማታ መርካቶ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ራዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው አሉ። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው ልበል። ክዳኑን ፈተው ትንሽ አዩና በካቻቪቴያቸው ጫፍ አንድ ነገር ጠቆሙኝ። ዋናው ቺፕ ነው። ላዩ ላይ መኖር የነበረበት ቁጥር በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል።

«ምን እንደሆነ ሳላውቅ በምን ልተካው?» አሉኝ።

ከዚያ ገለበጡትና የኋላውን ፊውዝ አሳዩኝ። 3 አምፔር ይላል። «220 በ3 አባዛ እስቲ።» አባዛሁ፤ 660። «ከግድግዳው 660 ዋት በላይ መሳብ የማይችል ዕቃ 2000 ዋት ከየት ያመጣል?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ካርቶን ላይ የተጻፈ ዋት አላይም። ፊውዙን ነው የማየው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ «ፒኤምፒኦ» የሚባለው ነው፤ እውነተኛ አቅም ሳይሆን የነጋዴ ቁጥር። መፈለግ ያለባችሁ «አርኤምኤስ» የሚለውን ነው፤ አምፑ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ዋት ማለት ነው። እሱም ከነኦሙ (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ)፤ በስንት ኦም እንደተለካ ካልተጻፈ ቁጥሩ ግማሽ ቁጥር ነው።

«ታዲያ ምን ልግዛ ጋሼ?» አልኳቸው።

«የአጎትህ ዕቃ የት ደረሰ?»

ረስቼው ነበር። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በ1971 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲሠራ የገዛው ጃፓን ሠራሽ አምፕ ነበረው። በጅቡቲ በኩል የገባ ነው። ወደ ጅማ ሲዛወር ይዞት መጣ። ለካ ጋሼ ሁለት ጊዜ ከፍተውት ያውቃሉ። የካሴት ዴኩ ሲሞት፣ በኋላም አጎቴ ሲያርፍ፣ አምፑ መንደራ ቆጪ አክስቴ ቤት የቴሌቪዥን መቀመጫ ሆኖ ቀረ። ከላዩ ዳንቴል ለብሷል። ዳንቴሉን አክስቴ ናት በእጇ የሠራችው፤ ነጭ፣ ዳር ዳሩ ወይን ዘለላ ያለው። ያምራል። ችግሩ የአምፑን የአየር ቀዳዳ አንድም ሳያስቀር ይሸፍናል።

«ውሰደው፤ ከሸጥከው ግን ዓይንህን አላይም» አለችኝ።

በባጃጅ አመጣሁት። ከቡና ቤቴ አጠገብ ቡና የሚገዛ ጎረቤት አለኝ፤ እዚያ ገብቼ የጆንያ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። 11 ኪሎ ተኩል። የተቃጠለውን አዲሱንም መዘንኩት፤ 2 ኪሎ ከ800። ጎረቤቴ «የቱ ነው ልዩ ጣዕም ያለው?» ብሎ አሾፈብኝ።

ኪሎው እውነት ይናገራል፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። በድሮዎቹ ላይ ይናገራል። ክብደቱ በአብዛኛው ትራንስፎርመሩና የሙቀት ማብረጃው ብረት ነው፤ የአምፕ አቅም ያለው እዚያ ነው። የሰባዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዕቃዎች ዋት የሚታመነው ደግሞ በምክንያት ነው። ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ ኩባንያዎች ዛሬ የእኛ ገበያ ላይ እንዳለው እንደፈለጉ ነበር የሚጽፉት። በ1974 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ አወጣ፦ አምፑ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ዋት፣ በስንት ኦም፣ ድምፁ ምን ያህል ሳይበላሽ እንደሆነ ጻፉ አለ። ገበያው ትልቅ ስለነበር ጃፓኖቹም በዚያው ቋንቋ መፎካከር ጀመሩ። ሳንሱይ፣ ኬንውድ፣ ያማሃ በየዓመቱ የተሻለ ያወጣሉ። ፓዮኒር በ1978 እ.ኤ.አ. በአንድ ቻናል (በግራ ወይም በቀኝ ጎን) 270 ዋት የሚሰጥ ሪሲቨር፣ ማለትም ራዲዮ ያለው አምፕ፣ አወጣ፤ ወደ 35 ኪሎ ይመዝናል። የአጎቴ እንደዚያ አይደለም፤ በቻናል 40 ዋት ነው። 40ው ግን 40 ነው።

የዘንድሮ ትንንሾቹ ግን ሚዛንን ያሳስታሉ። እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ወደ ጋሼ ሱቅ እንመለስ። መጀመሪያ ያደረጉት ሶኬት ላይ መሰካት አልነበረም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዓመታት የተኛ ዕቃ አውጥቶ፣ አቧራውን በጨርቅ ጠርጎ፣ ቀጥታ 220 ይሰጠዋል። የሚድን የነበረው እዚያው ይሞታል።

ክዳኑ ተፈታ። የበረሮ ቅርፊት፣ በጣት የሚነሳ አቧራ፣ ትራንስፎርመሩ ሥር ደግሞ አንድ የድሮ አሥር ሳንቲም። ሳንቲሙን በቀዳዳው የከተተው ማን እንደሆነ አላውቅም ብል ደስ ይለኛል። በልጅነቴ እዚያ ቤት ብዙ ውያለሁ።

ጋሼ በብሩሽ ከጠረጉ በኋላ አንድ ጣውላ አወጡ። ጣውላው ላይ ሶኬትና የ100 ዋት አምፖል አለ፤ ክር ያለው የድሮው ዓይነት። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። መብራቱ ወደ አምፑ የሚደርሰው በአምፖሉ ውስጥ አልፎ ነው። አምፖሉ ለቅጽበት በርቶ ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ ማለት ነው፤ ኃይሉን ግን አምፖሉ ስለሚይዘው አምፑ አይቃጠልም። ሰካነው። ቦግ አለ። ሁለታችንም ዝም አልን። ቀስ እያለ ደበዘዘና ክሩ ብቻ ቀላ ብሎ ቀረ።

«አለ» አሉ ጋሼ። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ቡናቸውን አነሡ።

አለ ማለት ግን ይሠራል ማለት አይደለም። ድምፅ ማስተካከያውን ሲያዞሩት ጭርጭር ይላል። ግራው ይመጣል ይጠፋል። ዝም ሲባል ደግሞ ከስፒከሩ «እምምም» የሚል ጉምጉምታ አለ። ሦስቱም የተለመዱ የድሮ አምፕ በሽታዎች ናቸው።

ጭርጭሩ ቆሻሻ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ ተነፋበትና ቁልፉን ሃያ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ማዞር በቂ ነበር። ቤንዚን ወይም ዘይት የሚያደርጉ አሉ፤ ለአንድ ሳምንት ይሻለዋል፣ ከዚያ ይብስበታል። ግራው የሚጠፋው ሪሌው ስለቆሸሸ ነው። ስታበሩት ከጥቂት ሰከንድ በኋላ «ቀጭ» የሚለው እሱ ነው፤ ስፒከሩን ከድንገተኛ ምት የሚጠብቀው። ጋሼ አልኮል የነካ ወረቀት በመሃሉ አሳልፈው ስበው ሞከሩት። ሠራ፣ ግን አላመኑትም፤ በአዲስ ቀየሩት።

ጉምጉምታው ካፓሲተሮቹ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚያለሰልሱት ክፍሎች። ውስጣቸው እርጥብ ነገር አለ፤ በዕድሜና በሙቀት ይደርቃል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜያቸው በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። እንግዲህ ዳንቴሉን አስቡት። በዚያ ላይ ጃፓኖቹ በዚያ ዘመን ትልልቆቹን ካፓሲተሮች ቦርዱ ላይ የሚያጣብቁበት ማጣበቂያ አለ። ሲያረጅ ቡናማ ይሆንና ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል፤ የነካውንም ሽቦ ይበላል። ጋሼ ግማሽ ቀን ያንን ሲፍቁ ዋሉ። እኔ ብሆን አቋርጬው ነበር።

በጣም ያስቸገረን ትራንዚስተር ነው፤ ድምፁን የሚያጎላው ክፍል። የቀኝ ቻናሉ ሁለት የኃይል ትራንዚስተሮች ደክመው ነበር። ከገበያ «ኦርጅናል» ተብሎ ጥንዱን ገዛሁ። ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ መልኩ ጥሩ ነው። አንድ ሰዓት ሙዚቃ አጫወትን፤ ሁለቱም ሄዱ። ጋሼ አንዱን በፒንሳ ሰብረው ውስጡን አሳዩኝ። መዳቡ ላይ ያለችው ቺፕ የምስር ፍሬ አታክልም። እውነተኛው በመጠን ከዚያ በብዙ ይበልጣል። በመጨረሻ ከሌላ የሞተ አምፕ ላይ ነቅለው ገጠሙልኝ። ለዚህ ነው የድሮ ዕቃ የሚጠግን ሰው ሱቅ ሬሳ የሚበዛው፤ መለዋወጫው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙ። ከሰባዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ብዙ አምፖች በተናጠል ትራንዚስተር ፈንታ «ኤስቲኬ» የሚል ጽሑፍ ያለበት አንድ ወፍራም ጥቁር ጡብ ውስጥ ሁሉን ነገር ይዘው ነው የሚመጡ። እሱ ከተቃጠለ ፎርጂዱ ብዙ ነው፣ እውነተኛውን ማግኘት ግን ዕድል ነው። ምርጫ ካላችሁ ባለ ትራንዚስተሩን ያዙ።

ወጪውን ልናገር፤ ሰው የሚፈልገው ይሄንን ነው። ካፓሲተሮች 2,600 ብር። ስፕሬይ 900። ሪሌ 450። ሁለቱ ፎርጂድ ትራንዚስተሮች 1,400፣ በከንቱ። የጋሼ እጅ 5,000፣ ለኔ ቀንሰውልኝ። ስታብላይዘር 4,500። ብሉቱዝ መቀበያ 800። ድምር 15,650። ጊዜው ሁለት ወር፤ ካፓሲተሮቹ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪመጡ ድረስ ሦስት ሳምንት ሄዷል። አምፑ ራሱ ነጻ ነበር፣ ልብ በሉ። አሁን እንደዚህ ያለውን ሳይታደስ 35 ሺህ 40 ሺህ የሚጠሩ አሉ። «ቪንቴጅ» ነው ይላሉ። እኛ ቤት «ያ ሣጥን» ነበር ስሙ። በ40 ሺህ ገዝታችሁ 15 ሺህ ብትጨምሩበት ደግሞ ምን እንዳገኛችሁ ከታች እነግራችኋለሁ።

ጋሼ አምፑን እየሠሩ ሳለ ቡና ቤቱ ዝም ማለት የለበትም ብዬ አንድ ትንሽ አምፕ በ7,500 ብር ገዛሁ። ከነአዳፕተሩ ከሳሙና ሣጥን ብዙም አይበልጥም። ጋሼን ሳሳያቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ቺፑን አዩ፤ ቁጥሩ አልተፋቀም። ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ታዋቂ ቺፖች አንዱ ነው፣ ቲፒኤ 3116። «ይቺ ታማኝ ናት» አሉኝ።

ሚዛን ያሳስታል ያልኩት እዚህ ነው። የድሮው አምፕ ትራንዚስተሩ በከፊል እንደተከፈተ የውኃ ቧንቧ ነው፤ የማይፈለገው ኃይል እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ትልቅ ብረት ያስፈልገዋል። የአዲሶቹ ክላስ ዲ ትራንዚስተር ሙሉ በሙሉ ይከፈታል ወይም ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፤ በሰከንድ መቶ ሺዎች ጊዜ። ከሚወስደው ኃይል 90 ከመቶ ያህሉን ወደ ስፒከሩ ማድረስ ይችላል። አይሞቅም፣ ብረት አይፈልግም፣ ስለዚህ ቀላል ነው። ቀላል ሆኖ እውነተኛ አለ፣ ቀላል ሆኖ ውሸታም አለ። ልዩነቱ ያው የፊውዙና የቺፑ ቁጥር ነው።

የአጎቴ አምፕ ሲመጣ አወዳደርኳቸው። ስፒከሮቹ አንድ ናቸው። ባለቤቴንና ሁለት የዘወትር ደንበኞችን ከመጋረጃ ወዲያ አስቀምጬ፣ የሁለቱን ድምፅ በተቻለኝ መጠን እኩል አድርጌ፣ ያንኑ ዘፈን ደጋገምኩላቸው። ሦስቱም አሮጌውን መረጡ። «ሞቅ ይላል፣ ባሱ ይነካል» አሉ። ደስ አለኝ። ተነሥቼ ለሰው ሁሉ ልናገር ነበር።

ከዚያ አሮጌው ላይ «ላውድነስ» የሚለው ቁልፍ ተጭኖ እንደነበር አየሁ። ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ባስን ቶሎ ስለሚያጣ፣ ቁልፉ ባሱን ከፍ ያደርገዋል። የድሮዎቹ ብዙዎቹ ይህ አላቸው። ትንሿ የላትም። አጥፍቼ እንደገና ሞከርን። አሁን አንዱ አሮጌውን አለ፣ አንዱ አዲሱን አለ፣ ባለቤቴ ደግሞ «ሁለቱም አንድ ነው፤ ምሳ ልሥራበት» ብላ ሄደች።

እንግዲህ «የድሮ ዕቃ ድምፅ» የምንለው ነገር ቢያንስ በእኔ ቤት ግማሹ አንድ ቁልፍ ነው። ስልካችሁ ላይ ባስ ከፍ በማድረግ ወደዚያ ትጠጋላችሁ።

ዋት ላይም መርፌዎቹ አስተማሩኝ። ቡና ቤቴ ሰው ሞልቶ፣ ሙዚቃው ጥሩ እየተሰማ፣ መርፌዎቹ 1 ዋት አካባቢ ናቸው። አልፎ አልፎ ከበሮ ሲመታ 5 ይነካሉ። 40 ደርሰው አላየሁም። ዋት በእጥፍ ሲጨምር ጆሮ የሚያገኘው 3 ዴሲቤል ነው፤ «ትንሽ ጨመረ» የሚባል ያህል። እጥፍ ጮኸ ለማለት ዋቱ ዐሥር እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ በ50ና በ100 ዋት መካከል ሰው የሚከፍለው ልዩነት በአብዛኛው ለካርቶኑ ነው። ለሠርግ ድንኳን ሞንታርቦ የሚያከራይ ሰው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን አይመለከትም።

ገንዘብ ካላችሁ ስፒከር ላይ አውሉት። ልዩነቱ እዚያ ነው ያለው፣ ያውም ያለመጋረጃ የሚሰማ። እኔ ሣጥኖቹን እዚሁ ጅማ አናጢ ጋር በዋንዛ አሠራሁ፤ አገሩ ለእንጨት ሥራ አይታማም። የድሮ ስፒከር ከገዛችሁ ግን ዙሪያውን ያለውን ስፖንጅ በጣታችሁ ንኩት። እንደ ደረቀ ኬክ ከተፈረፈረ ዋጋውን ቀንሱ ወይም ተዉት።

አሁን ወደ ክረምቱ። ይህን ጽሑፍ ቶሎ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ የጅማ ዝናብ ሳያልፍበት ስለ ዕቃ መናገር አይቻልም። አዲስ አበባ የሚኖር ወዳጄ ይሄን አይገባውም። እዚህ ዝናቡ ከበልግ ይጀምርና እስከ መስከረም ማለቂያ ይወርዳል። ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ጫማ ይሻግታል። አምፕ ውስጥ ያለ ናስና ብርማ መገናኛም እንደዚያው ነው።

በመጀመሪያው ክረምት ሐምሌ ላይ ለእረፍት ሁለት ሳምንት ዘጋሁ። ስከፍት የአሮጌው ቀኝ ቻናል የለም። ልቤ ደነገጠ። ጋሼ በስልክ «የምንጭ መምረጫውን ሠላሳ ጊዜ አዙረው» አሉኝ። አዞርኩት፤ መጣ። መገናኛው ሻግቶ ነው። ከዚያ ወዲህ በዝናብ ወራት ባልጠቀምበትም በየቀኑ አንድ ሰዓት አበራዋለሁ፤ የራሱ ሙቀት ያደርቀዋል። ለነገሩ ያ የማይወደድለት ሙቀት ለጅማ አየር ይጠቅማል። ሁለተኛው ክረምት ያለ ምንም ችግር አለፈ። ትንሿ በሁለቱም ክረምት ምንም አልሆነችም። አንዲት ቁልፍ ብቻ ናት ያለቻት፣ ምኗ ይሻግታል?

ሌላው መብራት ነው። አሮጌው ምንም ሳያጫውት ዝም ብሎ በርቶ ወደ 40 ዋት ይበላል። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ቤት ይህ በወር መጨረሻ ይታያል። ደግሞም መብራት ሲሄድ አሮጌው አለቀለት። ትንሿ ግን ከ4.5 እስከ 26 ቮልት ያለ ማንኛውንም ቀጥታ ኃይል ትቀበላለች። 12 ቮልት ባትሪ ላይ ሳስራት በቻናል 15 ዋት ገደማ ታወጣለች። መርፌዎቹ ምን እንዳሉኝ አስታውሱ፤ 1 ዋት። ባትሪው ማታውን ሙሉ ያደርሰኛል። ሰፈሩ በሙሉ ሲጨልም እኔ ጋ ሻማና ሙዚቃ አለ። ገቢው ደህና ነው።

ስለዚህ ሁለቱም ተቀምጠዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን፦ ሁለት አምፕ በአንድ ጊዜ አንድ ስፒከር ላይ እንዳታስሩ። በተለይ የእነዚህ ትንንሾች የስፒከር ማይነስ መሬት አይደለም፤ ከአሮጌው ማይነስ ጋር ከተገናኘ ቺፑ ይሄዳል። እኔ ፕላሱንም ማይነሱንም አንድ ላይ ከአንዱ ቆርጦ ወደ ሌላው የሚያዞር ማብሪያ ማጥፊያ ነው ያስገጠምኩት።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁም የድሮ ዕቃ ካልሆነ የምትሉ አትጠፉም። መርፌው ይስባል፣ አውቃለሁ። እንግዲያው ቴስተር (ቮልት መለኪያ)፣ ርካሽ ስፒከርና ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከምንም በፊት ጀርባውን አዙሩና ቮልቱን አንብቡ። ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100 ቮልት ነው፤ የአሜሪካው 120። ከውጭ አገር ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የሚመጣው በአብዛኛው እንደዚህ ነው፤ 220 ላይ ከሰካችሁት የሚጠብቃችሁ ጭስ ነው። አንዳንዱ ጀርባው ላይ ቮልት መምረጫ አለው፤ የሌለው የራሱ መቀነሻ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ እሱም ገንዘብ ነው።

ቀጥሎ ብሎኖቹን እዩ። ጭንቅላታቸው ከተላጠ ብዙ እጅ ገብቶበታል። ስፒከር ሳታስሩ አብሩትና «ቀጭ» እስኪል ጠብቁ። ካላለ አንድ ነገር አለ። ካለ ደግሞ ቴስተሩን ቀጥታ ቮልት ላይ አድርጋችሁ የስፒከሩን መውጫ ለኩ። 50 ሚሊቮልትና ከዚያ በታች ደህና ነው። በሚሊቮልት ሳይሆን በቮልት የሚቆጠር ከሆነ ስፒከራችሁን ይበላዋል። ከዚያ በኋላ ነው ርካሹን ስፒከር አስሮ ሙዚቃ መስማት። ስልኩን «ፎኖ» የሚለው ላይ አትሰኩ፤ እሱ ለሸክላ ማጫወቻ ነው፣ ድምፁ ይዛባል። «ኦክስ» የሚለው ላይ ነው። ሻጩ «አሁን ነው የታደሰው» ካለ ምን እንደተቀየረ ጠይቁት፤ የቀየረ ሰው የወጣውን አሮጌ ካፓሲተር ወይም ቢያንስ ዝርዝሩን አያጣም። ግማሽ ሰዓት ተጫውቶ አንዱ ጎን ከሌላው በጣም ከሞቀ ተዉት፣ ሻይ ጠጡና ሂዱ።

ደግሞ እንደ ጋሼ ያለ ሰው በእግር የሚደረስበት ቦታ ከሌላችሁ ይህን ሁሉ እንዳላነበባችሁ ቁጠሩት። ትንሿን ግዙ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ወጣት መጥቶ ለአጎቴ አምፕ 38 ሺህ ብር ቆረጠ። በ15,650 ላይ ሲሰላ ጥሩ ትርፍ ነው። ሳልዋሽ ለሁለት ቀን አሰብኩበት። በሦስተኛው ቀን አክስቴ ድንገት መጣች፤ ቡና ቤቱ ከተከፈተ መርገጧ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ማኪያቶ አዘዝኩላት። ባንኮኒው ፊት ተቀምጣ መርፌዎቹን ለረጅም ጊዜ አየች። አጎቴ ይወደው የነበረ ዘፈን ልፈልግላት ስልኬን ሳነሣ፣

«ዳንቴሉስ?» አለችኝ።

አየር እንደሚከለክለው፣ ሙቀቱ ካፓሲተሩን እንደሚያደርቀው ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች፤ የሰማችው አልመሰለኝም። ማኪያቶዋን ጨርሳ ስትነሣ ከቦርሳዋ የታጠበና የተተኮሰ ዳንቴል አወጣች። ያው ራሱ ነው፣ ዳሩ ላይ ወይን ያለው።

«ማታ ማታ፣ ስታጠፋው አልብሰው» አለችኝ።

ለወጣቱ ደውዬ አይሸጥም አልኩት። አሁን ሌሊት በሩን ከመዝጋቴ በፊት ሃያ ደቂቃ ቀደም ብዬ አጠፋዋለሁ፤ እስኪበርድ።